ከስሎቫኪያ በፊት ብራዶክ፦ የስደተኛ ቅድመ አያትን የትውልድ መንደር ስለ ማግኘት

ጥያቄ፦ “ባለቤቴ ተወልዶ ያደገው ፔንሲልቬንያ ውስጥ፣ በፒትስበርግ አካባቢ ነው። ለልጆቻችን የእኔን ወገን እስከ ሰባት ቤት ቆጥሬ ጽፌላቸዋለሁ፤ የአባታቸው ወገን ግን ቅድመ አያቱ ላይ ሲደርስ ይቆማል። ቅድመ አያቱ ጆን ይባሉ ነበር። በ1882 ገደማ ተወልደው በ1903 ገደማ ከስሎቫኪያ መጡ፤ ብራዶክ በሚገኘው የብረት ፋብሪካ ሲሠሩ ኖረው በ1939 አረፉ። ሚስታቸው አና ከእሳቸው በኋላ ብዙ ዓመት ኖረዋል። የቤተሰቡን ስም ኒው ዮርክ ወደብ ላይ ባለው የስደተኞች መግቢያ፣ በኤሊስ አይላንድ፣ የነበሩ ሹሞች እንደቀየሩባቸው ሁሉም ይናገራል። አንዱ ወረቀት የመጡት ከኦስትሪያ ነው ይላል፤ ሌላው ሃንጋሪ፣ የሞት ወረቀታቸው ደግሞ ቼኮዝሎቫኪያ። አንድ አጎቱ ‘ግሪክ ነበሩ’ ይላል። አማቴ ደግሞ እንደ እኛ ገናን ጃንዋሪ 7 ቀን ያከብሩ እንደነበር ስትነግረኝ ተገረምኩ። ባለቤቴ የዲኤንኤ ምርመራ አድርጎ ‘ምሥራቅ አውሮፓ’ ከሚል በቀር ምንም አላገኘም። አሁን ወደ ስሎቫኪያ ቤተ መዛግብት ልጽፍ ነው። ለየትኛው ከተማ ልጻፍ?”

ደብዳቤውን አሁን አይጻፉት። የስሎቫኪያ ቤተ መዛግብት የቆዩ የቤተ ክርስቲያን መዝገቦችን የሚያስቀምጡት በሰው ስም ሳይሆን በመንደርና በደብር ለይተው ነው፤ ፕሬሾቭ ወይም ሌቮቻ ያለ ባለሙያ “በ1882 ገደማ የተወለደ ዮሐንስ” የሚል ጥያቄ ቢደርሰው የትኛውን መዝገብ ከመደርደሪያ እንደሚያወርድ ማወቅ አይችልም። የሚፈልጉት የመንደሩ ስም ነው፤ እሱም የሚገኘው አሜሪካ ውስጥ ነው። እኚህ ሰው ብራዶክ ውስጥ ከሠላሳ ዓመት በላይ ኖረዋል፣ ልጆች አስጠምቀዋል፣ ደመወዝ ተቀብለዋል፣ ሞተውም ተቀብረዋል፤ በእያንዳንዱ አጋጣሚ አንድ ጸሐፊ ወይም አንድ ቄስ ስለ እሳቸው የሆነ ነገር ጽፏል። ደግሞም ከጻፉልኝ ነገር ሁሉ የሚበልጠው ፍንጭ ቤተሰቡ በሙሉ ልቡ የሚያምነው የኤሊስ አይላንድ ታሪክ አይደለም፤ እንደ ቀልድ የተነገሩዎት ሁለቱ ነገሮች፣ የጃንዋሪ 7 ገና እና “ግሪክ ነበሩ” የሚለው ቃል ናቸው።

እነዚህ ሁለት ነገሮች የሚናገሩት ስለ አንድ ጉዳይ ነው። በምሥራቅ ስሎቫኪያ፣ በተለይ ሻሪሽና ዜምፕሊን በሚባሉት የቀድሞ አውራጃዎች፣ ከሮማ ካቶሊኮችና ከሉተራውያን ጎን ብዙ የግሪክ ካቶሊክ መንደሮች ነበሩ፤ ዛሬም አሉ። ግሪክ ካቶሊክ የሚለው ስም የሚያመለክተው የግሪክን ሀገር ሳይሆን የአምልኮውን ሥርዓት ነው፦ ሥርዓተ ቅዳሴያቸው የምሥራቅ ነው፣ ያገቡ ቄሶች አሏቸው፣ የበላይነቱ ግን የሮማው ጳጳስ ነው። በሀገራችን ያሉትን የግዕዝ ሥርዓት ካቶሊኮች የሚያውቅ ሰው ነገሩን ወዲያው ይረዳዋል። እነዚህ ሰዎች ወደ አሜሪካ ሲመጡ የዩልዮስን የቀን አቆጣጠር ይዘው ስለመጡ፣ ብዙዎቹ አጥቢያዎቻቸው ለአሥርት ዓመታት ገናን በጃንዋሪ 7 አክብረዋል፤ እኛ ታኅሣሥ 29 የምንለው ቀን መሆኑም በአጋጣሚ አይደለም፤ የቀን አቆጣጠራችን ከዩልዮሱ ጋር አብሮ ስለሚሄድ ነው። የብረት ፋብሪካ ጎረቤቶችም “ግሪክ ቤተ ክርስቲያን የሚሄዱት ሰዎች” ማለት ሲያበዙ፣ ከሁለት ትውልድ በኋላ ሃይማኖቱ ተረስቶ “ግሪክ” የሚለው ቃል ብቻ ይቀራል። አጎትየው የሰሙትን በትክክል ይዘው ቆይተዋል፤ የጠፋባቸው የቃሉ ትርጉም ነው።

ይህ ማለት ሁለት ነገር ነው። አንደኛ፣ እስካሁን በሮማ ካቶሊክ አጥቢያዎች ሲፈልጉ ከነበረ በተሳሳተ ቦታ ላይ ነበሩ። ሁለተኛ፣ ቤተሰቡ በቤት የሚናገረው ቋንቋ ስሎቫክኛ ወይም ሩሲንኛ ሊሆን ይችላል፤ በዚያ አካባቢ የሚኖሩት ግሪክ ካቶሊኮች ብዙዎቹ ሩሲን የሚባለው ሕዝብ ናቸው፤ አሜሪካውያን ጸሐፊዎች ደግሞ ሁለቱንም “ስላቪሽ”፣ “ሩቴንያን”፣ አንዳንዴም “ሩሲያዊ” እያሉ ጽፈዋል። በሰፊው የሚታወቅ ምሳሌ ልስጥዎ። ሠዓሊው አንዲ ዋርሆል በ1928 ፒትስበርግ ውስጥ የተወለደው ሚኮቫ ከምትባል የሰሜን ምሥራቅ ስሎቫኪያ መንደር ከመጡ ሩሲን ግሪክ ካቶሊክ ወላጆች ነው። የቤተሰቡ ስም ዋርሆላ ነበር፤ መጨረሻ ላይ ያለችውን ፊደል የጣላት የወደብ ሹም ሳይሆን ራሱ ልጁ ነው፣ እሱም ኒው ዮርክ ገብቶ መሥራት ሲጀምር።

ከዚህ ወደ ኤሊስ አይላንድ ታሪክ ልለፍ፤ ይህ እምነት ሰዎችን ለዓመታት ስለሚያደክም በግልጽ መናገር ያስፈልጋል። የኤሊስ አይላንድ ሹሞች ስም አልጻፉም። በእጃቸው የነበረው በመነሻው ወደብ፣ በብሬመን ወይም በሃምቡርግ ወይም በሌላ ቦታ፣ የመርከብ ኩባንያው ሠራተኞች አስቀድመው የጻፉት የተሳፋሪዎች መዝገብ ነው፤ ሥራቸውም የተጻፈውን ከፊታቸው ከቆመው ሰው ጋር ማመሳከር ነበር። ስሞች የተለወጡት ከዚያ በኋላ፣ ቀስ በቀስ፣ በደመወዝ መዝገብ፣ በትምህርት ቤትና በቤተ ክርስቲያን ነው፤ ብዙ ጊዜም በስሙ ባለቤት ፈቃድ። አብዛኛው ለውጥ ደግሞ ለውጥ እንኳ አይደለም፣ የአጻጻፍ ልዩነት ነው። በሃንጋሪኛ ስሙ ያኖሽ፣ በስሎቫክኛ ያን፣ በላቲን ዮሐንስ፣ በምሥራቁ ሥርዓት ኢቫን የሚባል ሰው ብራዶክ ሲደርስ ጆን ይሆናል፤ አምስቱም ያው የእኛው ዮሐንስ ነው። የቤተሰብ ስሙም እንዲሁ ነው፦ ሃንጋሪኛ የ“ስ”ን እና የ“ሽ”ን ድምፅ የሚጽፍባቸው ፊደላት ከስሎቫክኛው የተለዩ በመሆናቸው ኮቫች የሚል አንድ የቤተሰብ ስም በሦስት ሀገር በሦስት ዓይነት ይጻፋል። ሃንጋሪኛ የቤተሰቡን ስም ከግል ስም እንደሚያስቀድም፣ ባለትዳር ሴትም በባሏ ስም ላይ “ኔ” የሚል ቅጥያ ተጨምሮ እንደምትጠራ ያስታውሱ፤ ይህን ያላወቀ ፈላጊ አናን በጭራሽ አያገኛትም።

ሦስቱ ሀገሮችም አይጋጩም። እኚህ ሰው ሲወለዱ ስሎቫኪያ የምትባል ሀገር በካርታ ላይ አልነበረችም፤ ምድሩ የሃንጋሪ መንግሥት ሰሜናዊ ክፍል ነበር፣ ሃንጋሪም ከኦስትሪያ ጋር በአንድ ንጉሠ ነገሥት ሥር ነበረች። ቼኮዝሎቫኪያ የታወጀችው ኦክቶበር 28 ቀን 1918 ሲሆን የዛሬዋ ስሎቫኪያ ብቻዋን የቆመችው ጃንዋሪ 1 ቀን 1993 ነው። ስለዚህ “ሃንጋሪ” የሚል ወረቀት ሰውየው ሃንጋሪያዊ ናቸው ማለት አይደለም፤ “ቼኮዝሎቫኪያ” የሚለው የሞት ወረቀትም የሚነግርዎ ወረቀቱ የተጻፈበትን ዘመን ካርታ እንጂ የትውልድ ቦታቸውን አይደለም።

አሁን ወደ ሥራው። የአንድ ስደተኛ ሕይወት ከኋላ ወደ ፊት፣ ማለትም ከሞት ወደ ልደት ነው የሚፈለገው። የሞት ምስክር ወረቀቱ በእጅዎ አለ፤ ፔንሲልቬንያ ከ1906 ጀምሮ በክፍለ ሀገር ደረጃ መዝግባለች፤ ሞት ከደረሰ ሃምሳ ዓመት ያለፈው ወረቀትም ለሕዝብ ክፍት ነው። ግን ወረቀቱን ሲያነቡ መጀመሪያ የሚያዩት “መረጃውን የሰጠው” የሚለውን መስመር ይሁን። እዚያ ላይ ያለው ስም አሜሪካ የተወለደ ልጅ ከሆነ፣ አያቶቹን አይቷቸው የማያውቅ ሰው በሐዘን ቀን የተናገረውን ነው የሚያነቡት፤ የወላጆቹ ስም ስህተት ቢሆን አይገርምም። ከዚህ የተሻለው ጆን ራሳቸው የሞሉት ወረቀት ነው። ሶሻል ሴኩሪቲ የሚባለው የአሜሪካ መንግሥት የጡረታ ዋስትና ምዝገባ የተጀመረው በ1936 መጨረሻ ነው፤ በዚያን ጊዜ ጆን ሃምሳ አራት ዓመት ገደማ ስለነበሩ በፋብሪካው ሥራ ላይ ከነበሩ ቅጹን መሙላታቸው አይቀርም። ቅጹ የአባትን ስም፣ የእናትን ከጋብቻ በፊት የነበረ ስም እና የትውልድ ቦታን ይጠይቃል። ሲያዝዙ በኮምፒውተር የተጠቃለለውን አጭር መግለጫ ሳይሆን የዋናውን ቅጽ ቅጂ እንደሚፈልጉ በግልጽ ይጻፉ።

ከሁሉ በፊት የምልክዎ ግን ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ነው። በሞት ወረቀቱ ላይ ያለውን የመቃብር ስፍራ ስም ይያዙና ያ መቃብር የየትኛው አጥቢያ እንደነበረ ይጠይቁ፤ ከተቻለም ሄደው ሐውልቱን ይዩት። ሦስት አግዳሚ ያለው መስቀል ወይም በሲሪሊክ ፊደል የተቀረጸ ጽሑፍ ካገኙ ስለ ግሪክ ካቶሊክነቱ ያልኩት ነገር ተጠናከረ ማለት ነው። ከዚያ የሚፈልጉት የልጆቹን የጥምቀት መዝገብ ነው፤ የአባትየው ጥምቀት የተፈጸመው በአውሮፓ ቢሆንም የመንደሩ ስም ብዙ ጊዜ ተጽፎ የሚገኘው በልጆቹ መስመር ላይ ነው። ቄሱ ራሱ ከዚያው አካባቢ የመጣ ስለነበር “ከሃንጋሪ” ብሎ አያልፍም፤ ከወላጆቹ ስም ቀጥሎ አውራጃውንና መንደሩን ይጽፋል፣ ለእሱ እነዚያ ስሞች የቅርብ ሰፈር ናቸውና። ቀጥሎ የክርስትና አባትና እናት ስም አለ፤ ይህን ዓምድ አይዝለሉት። ስደተኛ ልጁን የሚያስነሳው በአገሩ ሰው ነው፤ የጆን መንደር ባይጻፍ እንኳ የክርስትና አባትየው መንደር ወደዚያው ይመራዎታል።

እዚህ ላይ አንድ እንቅፋት አለ። ብራዶክ ባለበት በሞኖንጋሄላ ወንዝ ዳር የነበሩ ብዙ አጥቢያዎች ፋብሪካዎቹ ሲዘጉ ተዘግተዋል ወይም ከሌላ ጋር ተዋህደዋል፤ መዝገባቸው ወደ ተዋሃዱበት አጥቢያ ወይም ወደ ሀገረ ስብከቱ ቤተ መዛግብት ሄዷል። የግሪክ ካቶሊኮቹ ታሪክ ደግሞ ክርክር የበዛበት ነው። ከ1891 ጀምሮ ብዙ አጥቢያዎች ወደ ኦርቶዶክስ ተሻግረዋል፤ በ1929 ሮማ አሜሪካ ውስጥ ያገቡ ቄሶች እንዳያገለግሉ ካወጣችው ድንጋጌ በኋላም ሁለተኛ መለያየት ተከትሏል። ስለዚህ የአንድ ቤተሰብ ትልቁ ልጅ በካቶሊክ፣ አባቱ ሲሞት ጸሎተ ፍትሐቱ በኦርቶዶክስ መዝገብ ቢገኝ ሁለት የተለያዩ ሰዎች አገኘሁ ብለው አይደናገጡ፤ ሰዎቹ ከቤታቸው ሳይንቀሳቀሱ አጥቢያቸው ነው የተንቀሳቀሰው። በሁለቱም በኩል ይጠይቁ።

ቀጥሎ የዜግነት ወረቀቱ ይመጣል፤ እዚህ ላይ ዕድለኛ ነዎት። ከሴፕቴምበር 27 ቀን 1906 በፊት ዜግነትን ማንኛውም ፍርድ ቤት በየራሱ ቅጽ ይሰጥ ስለነበር አብዛኞቹ ወረቀቶች “የኦስትሪያን ንጉሠ ነገሥት ካደ” ከማለት አያልፉም። ከዚያ ቀን በኋላ ግን ቅጹ በመላው አገር አንድ ሆነ፤ የትውልድ ቀንና ቦታ፣ የመርከቡ ስም፣ የገቡበት ወደብና ቀን፣ የሚስትና የልጆች ስም ሁሉ መጻፍ ጀመረ። ለዜግነት አምስት ዓመት መኖር ግዴታ ስለነበር በ1903 የገባ ሰው ከ1908 በፊት ማመልከት አይችልም፤ ስለዚህ ጆን ዜጋ ሆነው ከነበረ ማመልከቻቸው በአዲሱ ሕግ የተሞላ ነው። ዜጋ መሆን አለመሆናቸውን ለማወቅ የ1910ን፣ የ1920ን እና የ1930ን የሕዝብ ቆጠራ ይዩ፤ ቆጣሪው ባዕድ፣ “የመጀመሪያ ወረቀት” (ዜጋ ለመሆን ማሰቡን የሚያስታውቅበትን) ያወጣ ወይም ዜጋ መሆናቸውን በሁለት ፊደል ምልክት ጽፎታል፤ የ1920ው ዜጋ የሆኑበትን ዓመትም ይጨምራል። ከ1906 እስከ ማርች 1956 ያለው የእያንዳንዱ አዲስ ዜጋ ፋይል ቅጂ በፌዴራሉ የዜግነትና የኢሚግሬሽን መሥሪያ ቤት የዘር ሐረግ ክፍል ይገኛል፤ ክፍያ አለው፣ ጊዜም ይወስዳል። የፍርድ ቤቱን ቅጂ ግን ብራዶክ በሚገኝበት በአሌጌኒ ካውንቲ ወይም በፌዴራል ፍርድ ቤት መዝገቦች መካከል አስቀድመው በነፃ ሊያገኙት ስለሚችሉ፣ ገንዘብ ከመክፈልዎ በፊት እዚያ ይፈልጉ። ማመልከቻው ከጁላይ 1929 በኋላ ከሆነ ፎቶግራፍም ይኖረዋል፤ ለልጆችዎ ከዚህ የበለጠ ስጦታ አይኖርም።

አናን አይርሷቸው። እስከ ሴፕቴምበር 22 ቀን 1922 ድረስ ባል ዜጋ ሲሆን ሚስትም አብራ ዜጋ ትሆን ነበር፤ ከዚያ ቀን በኋላ ግን እያንዳንዷ ሴት በራሷ ማመልከት ነበረባት። ጆን ዜግነት ያገኙት ከዚያ በኋላ ከሆነ፣ አናም የራሳቸውን ማመልከቻ ካላስገቡ፣ በ1940 የውጭ ዜጎች ሁሉ እንዲመዘገቡ በታዘዘ ጊዜ አና ቀርበው ቅጽ ሞልተዋል ማለት ነው። ያ ቅጽ የትውልድ ቦታን፣ የመጡበትን መርከብና ቀን ይዟል። ባልና ሚስት ከአንድ መንደር ወይም ከጎረቤት መንደር መምጣታቸው የተለመደ ስለሆነ የአና ወረቀት ለጆን ሁለተኛ በር ነው።

መርከቡን በሚመለከት ሦስት ነገር ልበል። የመጀመሪያው፣ አንድ ጉዞ ብቻ ነበረ ብለው አያስቡ። ከእነዚህ ሠራተኞች ብዙዎቹ የመጡት ገንዘብ ይዘው ለመመለስ ነበር፤ ሁለቴ ሦስቴ የተመላለሰ ብዙ ነው። የጆን ሁለተኛ ጉዞ ከ1907 በኋላ ከሆነ ከመጀመሪያው የበለጠ ይጠቅምዎታል፣ ከዚያ ዓመት ጀምሮ መዝገቡ በትውልድ አገር የቀረ የቅርብ ዘመድ ስምና አድራሻ እንዲሁም የትውልድ ቦታ ይጠይቃልና። ሁለተኛው፣ የአናን ጉዞ ለብቻው ይፈልጉ፤ ሚስት ወደ ባሏ ስትመጣ በአንድ መስመር ላይ የባሏ የብራዶክ አድራሻና በመንደሯ የቀሩት አባቷ ወይም እናቷ ስም ይገናኛሉ። ሦስተኛው፣ ወደ ፒትስበርግ የሚሄድ ሰው ሁሉ በኒው ዮርክ አልገባም፤ ከብሬመን በቀጥታ ባልቲሞር ወርዶ በባቡር የመጣ ብዙ ስለሆነ ስሙ በኤሊስ አይላንድ ካልተገኘ ባልቲሞርንና ፊላደልፊያን ይዩ። በመነሻው ወደብ በኩል ከሃምቡርግ የወጡት መዝገቦች ከ1850 እስከ 1934 ተጠብቀዋል፤ የብሬመኖቹ በአብዛኛው ጠፍተዋል። መዝገቡን ስታነቡ በሙያው ዓምድ አካባቢ በሌላ ቀለም የተጨመረ ቁጥርና ቀን ካያችሁ፣ ከዓመታት በኋላ ለዜግነት ማመልከቻው ተብሎ መዝገቡ እንደተመሳከረ ያመለክታል፤ ትክክለኛውን ሰው ለማግኘታችሁ ጥሩ ማስረጃ ነው።

የውትድርና ምዝገባ ካርዱን በአጭሩ ልለፈው። በ1918 ሠላሳ ስድስት ዓመት የሆነ ሰው፣ ዜጋ ባይሆንም እንኳ፣ ሴፕቴምበር 12 ቀን 1918 ተመዝግቧል። የዚያ ቀን ካርድ የትውልድ ቦታ አይጠይቅም፤ ሆኖም የትውልድ ቀኑንና የአሠሪውን ስም ይዟል፣ ከሁሉም በላይ የራሳቸው ፊርማ አለበት። ስማቸው “በትክክል” እንዴት ይጻፍ እንደነበር የሚከራከር ዘመድ ካለ፣ ፊርማውን ያሳዩት። ከሕዝብ ቆጠራው ደግሞ በ1910 በቤታቸው ያደሩትን ደባሎች ስም አንድ በአንድ ይገልብጡ፤ ቤት የሚያከራይ ስደተኛ በቅድሚያ የሚያስጠጋው የመንደሩን ልጅ ነው።

የመረዳጃ ማኅበሩም አለ፤ ለእኛ ለማስረዳት ቀላል ነው፣ እድር ማለት ነው። የማዕድን ጉድጓድና የእሳት ምድጃ በየቀኑ ሰው በሚበሉበት ዘመን ማንም ኢንሹራንስ ስለማይሸጥላቸው፣ ስሎቫኮቹና ሩሲኖቹ ራሳቸው ወርኃዊ መዋጮ እያወጡ ሟችን የሚቀብሩበትና ባልቴትን የሚረዱበት ማኅበር አቋቋሙ። ብሔራዊው የስሎቫክ ማኅበር በፒትስበርግ፣ የመጀመሪያው የካቶሊክ ስሎቫክ ኅብረት በክሊቭላንድ፣ ሁለቱም በ1890 ተመሠረቱ፤ የግሪክ ካቶሊኮች ኅብረት ደግሞ በ1892 ዊልክስ ባሬ ውስጥ። ለእርስዎ የሚቀርበው ይህ ሦስተኛው ነው። የአባልነት ማመልከቻና የሞት ክፍያ ወረቀት ተጠብቆ ከተገኘ የትውልድ ቦታና የወራሾች ስም ይኖረዋል። ቤት ውስጥ በአሮጌ ሣጥን የተቀመጠ መስቀልና ጥብጣብ ያለበት የደረት ምልክት ካለ አማትዎን ይጠይቁ፤ ላዩ ላይ ያለው ቁጥር የቅርንጫፉ ቁጥር ሊሆን ይችላል፣ በእሱም የትኛው ከተማ የትኛው አጥቢያ እንደነበር ይታወቃል።

ስለ ዲኤንኤው የምለው አጭር ነው። ባለቤትዎ ከአንድ ቅድመ አያት የወረሰው በአማካይ ስምንተኛውን እጅ ነው፤ “ምሥራቅ አውሮፓ” የሚለው ግምት ወደ መንደር አያወርድዎትም፣ ምርመራውን በሌላ ኩባንያ መድገምም ይህን አይለውጠውም። የሚጠቅመው የግምቱ ካርታ ሳይሆን የተዛማጆች ዝርዝር ነው፤ ከጆን የልጅ ልጆች በሕይወት ያለ ካለ፣ አማትዎ ወይም አጎትየው፣ እነሱ ቢመረመሩ ድርሻቸው አራተኛ እጅ ስለሆነ ዝርዝሩ ይጠራል። በኢንተርኔት ላይ የተለጠፉ የሌሎች ሰዎች የዘር ዛፎችን ግን ከምንጩ ወረቀት ጋር ካልመጡ አይቀበሏቸው።

የምጠነቅቅበት ምክንያት አለ። ከዓመታት በፊት ለአንድ ቤተሰብ ስሠራ በአንድ መንደር የጥምቀት መዝገብ ላይ ስሙም፣ የአባቱም ስም፣ የቤተሰቡም ስም የሚገጥም ልጅ አገኘሁና ሁለት ወር ሙሉ ወደ ኋላ ቆጠርኩለት። በኋላ ገጹን አሳድጌ ሳየው ከልጁ ስም ጎን በደበዘዘ ቀለም ትንሽ መስቀል ተሰርታለች። ቄሱ ሕፃን ሲሞት የሚያደርጉት ምልክት ነው። ወደ አሜሪካ የሄደው ሰው በዚያው መንደር በሌላ ቤት፣ ከሁለት ዓመት በኋላ የተወለደ ሌላ ልጅ ነበር። ከዚያ በኋላ በመዝገቡ ላይ ያለውን የቤት ቁጥር ሳልጽፍ አንድም ስም አልወሰድኩም፤ እርስዎም እንዲሁ ያድርጉ። በተቃራኒው ደግሞ በሁለት ወረቀቶች ላይ ያለው የልደት ቀን በአሥራ ሁለት ወይም በአሥራ ሦስት ቀን ቢለያይ ሁለት ሰው ነው ብለው አይቸኩሉ፤ የድሮውና የአዲሱ አቆጣጠር ልዩነት በአሥራ ዘጠነኛው መቶ ዓመት አሥራ ሁለት፣ ከ1900 በኋላ አሥራ ሦስት ቀን ነው። የቀን መቁጠሪያ ሲገለብጥ ለኖረ ኢትዮጵያዊ ይህ ከማንም በላይ የሚገባው ነገር ነው።

የመንደሩ ስም ሲገኝ እንኳ ሥራው አላለቀም፤ ስሙ በአሜሪካዊ ጆሮ ተሰምቶ ወይም በሃንጋሪኛ ተጽፎ ነው የሚገኘው። ፕሬሾቭ ኤፐርየሽ፣ ኮሺጼ ካሻ፣ ባርዴዮቭ ባርትፋ ይባሉ ነበር። በ1898 የወጣው የሃንጋሪ ሕግ የመንደሮችን ስም በይፋ ስለለወጠ አንድ መንደር በሃያ ዓመት ውስጥ ሦስት ስም ሊኖረው ይችላል፤ ከ1918 በኋላ ደግሞ እንደገና ተለወጠ። በሌላ በኩል ሉችካ የሚባል መንደር በስሎቫኪያ ከአንድ በላይ ስላለ አውራጃው ያልተጻፈበት ስም ግማሽ መልስ ነው። ለዚህ የሚረዱት በ1877 እና በ1913 የታተሙት የሃንጋሪ የቦታ ስሞች ዝርዝሮች ናቸው፤ የ1877ቱ መንደሩ ውስጥ የየትኛው ሃይማኖት ሰዎች እንደሚኖሩና ለየትኛው ደብር እንደሚገብሩ ስለሚናገር ግሪክ ካቶሊክ የሌለበትን ሉችካ ወዲያው ማስወጣት ይችላሉ። ሃንጋሪ የሲቪል ምዝገባ የጀመረችው ኦክቶበር 1 ቀን 1895 ስለሆነ በ1882 የተወለደ ሰው የሚገኘው በደብሩ መዝገብ ብቻ ነው፤ ብዙዎቹ በማይክሮፊልም ተነሥተው ፋሚሊሰርች በተባለው ድረ ገጽ በነፃ ይታያሉ፣ በላቲን፣ በሃንጋሪኛ ወይም በሲሪሊክ ተጽፈው።

እንግዲህ ምክሬ ይህ ነው። በዚህ ወር ለመቃብሩ አጥቢያ ይጻፉና የልጆቹን ሁሉ የጥምቀት መስመር ይጠይቁ፤ የተገለበጠ ምስክር ወረቀት ሳይሆን የገጹ ፎቶግራፍ እንዲላክልዎ አጥብቀው ይለምኑ፣ ምክንያቱም በአዲሱ ምስክር ወረቀት ላይ የመንደሩ ስም የሚጻፍበት ቦታ የለም፤ የድሮው ገጽ ላይ ግን አለ። በጎን የዜግነት ማመልከቻውንና የአናን የመርከብ መዝገብ ይፈልጉ። አንዱ ከሌላው ያልተገለበጡ ሁለት ወረቀቶች አንድ ዓይነት የመንደር ስም እስኪሰጡዎት ድረስ ለስሎቫኪያ ምንም አይጻፉ፣ ለማንም ተመራማሪም ገንዘብ አይክፈሉ። ሁለቱ ከተስማሙ ደግሞ መጻፍ ላያስፈልግዎት ይችላል፤ የደብሩን መዝገብ ከቤትዎ ሆነው ከፍተው በ1882 አካባቢ ያሉትን ገጾች ማንበብ ይጀምራሉ። በዚያ መንገድ ወደ ኋላ እስከ አሥራ ስምንተኛው መቶ ዓመት መጨረሻ መድረስ ብዙ ጊዜ ይቻላል፤ ለገበሬ ቤተሰብ ከዚያ በላይ መዝገቡ ራሱ ስለማይኖር ሰባት ቤቱ ባይሞላ የእርስዎ ጥፋት አይደለም። ለዛሬ ግን አማትዎን ስልክ ይደውሉላቸውና ያ የጃንዋሪ 7 ገና በየትኛው ቤተ ክርስቲያን ይከበር እንደነበር፣ በየትኛው መንገድ ላይ እንደቆመ ይጠይቁልኝ።